ሱዢቶን፦ በቀን 400 ሰው ብቻ የሚወርድበት የማርሴይ ወሽመጥ

ቢ1 የሚባለው የማርሴይ ከተማ አውቶቡስ ከካስቴላን አደባባይ ተነሥቶ ሉሚኒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ላይ ያበቃል። ከመጨረሻው ፌርማታ ወርዶ የመኪና ማቆሚያውን ያለፈ ሰው አንድ ሰዓት በማይሞላ የእግር መንገድ ከነጭ ገደል ሥር፣ ከባሕር ዳር ይደርሳል። ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው የአንድ ተራ የአውቶቡስ ቲኬት ነው። የሱዢቶን ጣጣ የመጣው ከዚህ ቅርበት ነው። ሌሎቹ ወሽመጦች ወይ ይርቃሉ፣ ወይ በበጋ መንገዳቸው ለመኪና ይዘጋል። ሱዢቶን ግን ከ800 ሺህ በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ የጓሮ በር ነው።

በጋ ስንል እዚህ ላይ የአውሮፓውን ሰመር፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለውን ማለታችን ነው። ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ጭቃና ጎርፍ ሲሆኑ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ደግሞ የዓመቱ ደረቅ ወራት ናቸው። ማርሴይ ላይ በጁላይ ወር በሙሉ የሚዘንበው ወደ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዝናቡ የሚመጣው በመኸር ሲሆን ሲመጣም ባንዴ ይወርዳል። አፈሩ ምን እንደ ደረሰበት ለመረዳት ይህን መያዝ ያስፈልጋል።

ካላንክ ማለት በኖራ ድንጋይ ተራራ መሃል ባሕር እንደ ምላስ ገብቶ የሠራው ጠባብ ወሽመጥ ነው። ከማርሴይ እስከ ካሲ ከተማ ባለው ጠረፍ ላይ ሶርሚዩ፣ ሞርዥዩ፣ ሱዢቶን፣ አን ቮ፣ ፖር ፓን እያሉ ይደረደራሉ። ከኤፕሪል 2012 ጀምሮ አካባቢው የካላንክ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የየብሱ ዋና ክልል 8,500 ሄክታር፣ የባሕሩ ደግሞ 43,500 ሄክታር ይሰፋል። ከሉሚኒ በላይ ያለው ሞን ፑዤ ከ560 ሜትር ብዙም አያልፍም። ደባርቅን ወይም እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ይህ ኮረብታ ነው። ግን ከባሕር ወለል ከዜሮ ተነሥቶ ወጥ ገደል ሆኖ ስለሚቆም፣ ሙቀቱም የቆላ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሰውን ያታልላል።

አፈሩ

በበጋው ጫፍ ቀናት ሱዢቶን ላይ እስከ 2,500 ሰው ይወርድ ነበር። ዳርቻው ጠጠርና አለት የሞላበት ጠባብ ቦታ ነው፤ አሸዋ የለውም፣ ጥላውም ከጥቂት የአሌፖ ጥዶች የሚገኘው ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዉ ምን ያደርጋል? ውኃ ዳር ቦታ ሲያጣ ወደ ኋላ፣ ወደ ቁልቁለቱ ይወጣና ከጥድ ሥር ፎጣውን ያነጥፋል። በ2020 የኮሮና በጋ ደግሞ ውጭ አገር መሄድ የተቸገረው ፈረንሳዊ ሁሉ ወደ ራሱ ጠረፍ ስለጎረፈ ጭንቁ ባሰ።

ጉዳቱን ከቆሻሻ ጋር የሚያያይዝ ብዙ ነው። ቆሻሻ ይለቀማል፤ የባሰው የእግር ጫማ ነው። እዚያ ተራራ ላይ አፈር እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ አይደለም፤ በአለቶች መካከል በኪስ በኪሱ የተጠራቀመ፣ በአንዳንድ ቦታ ከእጅ መዳፍ ውፍረት የማይበልጥ ነው። በላዩ ሮዝመሪና ቁጥቋጦ ሥር ሰድዶ ይዞታል። መቶ እግር ሲረግጠው መጀመሪያ አፈሩ ይጠጥራል። ከዚያ ውኃ አያሰርግም፣ ዘር ቢወድቅበት አይበቅልም፣ ቁጥቋጦው ይደርቃል። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የሚመጣው ዶፍ የሚይዘው ሥር ያጣውን አፈር ጠርጎ ቁልቁል ባሕር ይከተዋል። የጥዱ ሥሮች እርቃናቸውን ይቀራሉ። ሰውም እንደ ደረጃ ይረግጣቸዋል፤ ልጣቸው ተልጦ፣ እንጨታቸው በጫማ ተወልውሎ እንደ ወንበር ክንድ ያበራል። በየጥዱ ዙሪያ ያለችውን ክብ መላጣ መሬት አይቶ ሰው የት የት እንደ ተቀመጠ መናገር ይቻላል።

ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ስለሚታይ ደኑ ያለ ይመስላል። ልብ ብሎ ያየ ግን ከሥሩ ችግኝ ያጣል። አንድ ትውልድ ዛፍ አለ፣ ተተኪ የለም። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ የጥቂት ሳንቲ ሜትር አፈር መመለስ በሰው ዕድሜ የሚለካ ነገር ስላልሆነ፣ ፓርኩ መንገድ በማስተካከልና ምልክት በመትከል ብቻ ሊወጣው የሚችል ችግር አልነበረም።

መጀመሪያ የተሞከረው ሰውን ማባበል ሳይሆን ማስጠላት ነው። በ2021 ፓርኩ ድረ ገጹን ቀይሮ ከተለመደው የማስታወቂያ ፎቶ ይልቅ በሰው የተጨናነቀ ዳርቻ አሳየ፣ ዳገቱን፣ ርቀቱንና ግርግሩን እያነሣ ጻፈ። ነጋዴ ዕቃውን ራሱ እንደሚያራክስ ማለት ነው። ብልህ ሙከራ ነበር፤ ነገር ግን የሰው ስልክ በሱዢቶን ሰማያዊ ውኃ ፎቶ ተሞልቶ እያለ የፓርኩን ማስጠንቀቂያ ማን ይሰማዋል? በ2022 በጋ በቁጥር የተገደበ መግቢያ ተጀመረ፤ በቀን 400 ሰው። ከዚያ ወዲህ በየበጋው ቀጥሏል።

በሩ እንዴት ይሠራል

ቦታ ማስያዝ ነጻ ነው። በፓርኩ ድረ ገጽ በኩል ከሚሄዱበት ቀን ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ድረ ገጹ ላይ 9፡00 ተብሎ የሚነበበው ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። አንድ ሰው እስከ 8 ሰው ድረስ ማስያዝ ይችላል። የሚደርሰው ኪውአር ኮድ ከመታወቂያ ጋር ወደ ወሽመጡ በሚያወርዱት መንገዶች ላይ ይታያል። ደንቡ ሱዢቶንን ብቻ ሳይሆን ከአጠገቡ ያለውን ፒዬር ቶምቤ የሚባለውን ዳርቻም ያካትታል። ያለ ኮድ የተገኘ ሰው 68 ዩሮ ይቀጣል።

ስሜን ተራሮች ለመግባት ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ስካውት ይዞ የሄደ ሰው ይህ ብዙም አይገርመውም። ማርሴይ ላይ ግን ነገሩ ከባድ ነበር፤ ካላንክ ለከተማው ሰው ያለ በር የኖረ፣ እንደ ሰፈር ሜዳ የሚቆጠር ቦታ ነው።

የእሑድ ቦታ የሚፈልግ ሰው ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ መጠበቅ አለበት። በሐምሌ አጋማሽ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ቦታው ቶሎ ያልቃል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ይሻላል። ስሕተቶቹ ተደጋጋሚ ናቸው። ለአምስት ሰው አስይዞ ስድስተኛ ዘመድ ጨምሮ የሚመጣ አለ፤ ስድስተኛው ከበር ይመለሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም አምስቱ አብረውት ይመለሳሉ። ኮዱን በኢሜይል ውስጥ ትቶ መንገድ ላይ ኔትወርክ አጥቶ የሚቆምም አለ፤ ገደሎቹ ኔትወርኩን ይከልሉታል። ኮዱን ከቤት ሳሉ በስክሪን ሾት ማስቀመጥና የመንገዱንም ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ማውረድ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ግን አስይዞ ሳይሄድ የሚቀር ነው። ነጻ ስለሆነ ምንም አልከፈለምና አይቆረቁረውም፤ የእሱ ቦታ ግን ቀኑን ሙሉ ባዶ ይውላል። መሄድ ካልቻሉ መሰረዝ ነው።

ነጻ መሆኑ ትክክል ነው ብለን እናምናለን። ዋጋ ቢወጣለት ለአፈሩ ያው 400 ሰው ነው፣ የሚቀረው ግን የሰፈሩ ልጅ ይሆን ነበር። ቢሆንም ፍትሐዊ ነው ለማለት አያስደፍርም። ከሦስት ቀን በፊት ማቀድ የሚችል፣ ድረ ገጽ የለመደ ሰው ያገኛል፤ ዛሬ ሲሞቀው አውቶቡስ ላይ ዘሎ የሚወጣው ወጣት ያጣል። ከ2022 በፊት ሱዢቶንን የሞላው ደግሞ ይኼኛው ነበር።

ማታ 12 ሰዓት

ኮዱ የተያዘ ቦታ እንጂ የመግቢያ ዋስትና አይደለም። ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ የቡሽ ዱ ሮን አውራጃ አስተዳደር የነገውን የእሳት አደጋ ደረጃ በየቀኑ በካርታ ያወጣል። የሚወጣው ማታ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ከሆነ መግባት ይቻላል፤ ቀይ ከሆነ ተራራው ዝግ ነው፣ የተያዘውም ቦታ ይሰረዛል። ዝግ ተራራ ውስጥ የተገኘ 135 ዩሮ ይቀጣል።

ስለዚህ የሱዢቶን ዕቅድ ሦስት ጊዜ ይታያል፤ ሦስት ቀን ሲቀረው ቦታ ይያዛል፣ ዋዜማው ማታ ቀለሙ ይታያል፣ ጠዋት ሲነሡ ደግሞ ነፋሱ። ከሊዮን ወይም ከጄኔቭ ተነሥቶ ለአንድ ቀን ብሎ የሚመጣ ሰው ቀለሙን ሳያይ ባቡር ከቆረጠ ዕድሉን ለሚስትራል ሰጥቷል።

ሚስትራል ከሰሜን ምዕራብ፣ በሮን ወንዝ ሸለቆ በኩል ቁልቁል የሚወርድ ደረቅ ነፋስ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ሰማዩን ጠርጎ ያጠራዋል፤ ስለዚህ ከመስኮት ሲታይ ለጉዞ የተመረጠ ቀን ይመስላል። በጣም የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ቀዩ ቀን የሚወድቀው ሙቀቱ በበረታበት ቀን ላይሆን ይችላል፤ 28 ዲግሪ ሆኖ፣ አየሩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ግን ቅጠል የሚያጎነብስ ሲሆን ተራራው ይዘጋል። ሰው በር ላይ የሚከራከረው በዚህ ዓይነት ቀን ነው።

የሚዘጋውም ሰው እሳት ያስነሣል ተብሎ ብቻ አይደለም። ጁላይ 22 ቀን 2009 በዚሁ ተራራ ማዶ ካርፒያኝ ላይ በወታደራዊ የተኩስ ልምምድ የተነሣ እሳት በነፋስ ተገፍቶ ከ1,000 ሄክታር በላይ አቃጥሏል፤ ተጓዥ አልነበረበትም። የመዝጋቱ ዋና ምክንያት መውጫ ነው። ሱዢቶን ውስጥ ያለ ሰው ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ባሕር፣ መመለሻው በጥድና በሙጫ የተሞላ አንድ ዳገት ነው። እሳቱ ከላይ ከመጣ 400 ሰው የሚወጣው በጀልባ ነው፤ በሚስትራል ማዕበል ደግሞ ጀልባ ማስጠጋት ቀላል አይሆንም። በነገራችን ላይ የማርሴይ እሳት አጥፊዎች የባሕር ኃይል ወታደሮች ናቸው። በ1938 በመሃል ከተማ አንድ ትልቅ መደብር ከተቃጠለ በኋላ፣ በ1939 ሥራው ከከተማው ተነሥቶ ለባሕር ኃይሉ ተሰጠ።

እሳት በማንኛውም መልኩ ክልክል ነው፤ ሲጋራም ጭምር። ከአውሮፓ ከተሞች የሚሰባሰቡ የእኛ ሰዎች ጀበናና ትንሽ ቡታጋዝ ይዘው ሽርሽር መውጣት ይወዳሉ፤ ለካላንክ አይሆንም። ቡናው ቤት ፈልቶ በፔርሙዝ ይሂድ።

መውረዱ

ከሉሚኒ እስከ ሱዢቶን በር፣ ማለትም በተራሮቹ መካከል እስካለው ማለፊያ ድረስ ያለው መንገድ ሰፊ ነው፤ ለእሳት አደጋ መኪና የተጠረገ፣ ጠጠር የለበሰ። በሩ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ሲደርሱ ባሕሩ ባንዴ ይገለጣል፤ ሰውም መድረስ የቻለ ስለሚመስለው ይፈጥናል። መውደቅ የሚበዛው ከዚህ በኋላ ነው።

የኖራ ድንጋይ በብዙ ጫማ ሲረገጥ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል። የመንገዱ ጥግ ጥግ ላይ ያለው ድንጋይ ሻካራና አቧራማ ሲሆን መሃሉ ላይ ያለው ነጣ ብሎ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ ይላል። ብልጭ የሚለውን አለመርገጥ ነው። በላዩ የተበተነችው ደቃቅ ጠጠር ደግሞ ከጫማ ሥር እንደ ብይ ትንከባለላለች። ሸበጥ፣ ክፍት ነጠላ ጫማና ሶሉ ያለቀ ስኒከር ይዞ የሚወርድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ነው የሚቀመጠው። ከባድ ቡት አያስፈልግም፤ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ተረከዝ የሚይዝ ቀላል ጫማ ይበቃል። ሲወርዱ ርምጃን አሳጥሮ፣ ጉልበትን በትንሹ አጥፎ፣ ክብደትን ወደ ፊት ማድረግ ነው፤ ሰው ፈርቶ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ተረከዙ ያመልጠዋል።

አቋራጭ የሚመስሉ ብዙ ቀጫጭን መንገዶች ይታያሉ። ብዙዎቹ ዝናብ የሠራቸው ቦዮች ወይም ሰው ጥላ ፍለጋ የቆፈራቸው ናቸው፤ ጫፋቸው ገደል ላይ ሊሆን ይችላል። አፈሩን ያጠፉትም እነዚሁ ናቸው። ቀለም የተቀባበትን ምልክት አለመልቀቅ ነው። በቀይና በነጭ መሥመር የተመለከተው ከካሎንግ እስከ ካሲ ጠረፉን የሚከተለው የረጅም ጉዞ መንገድ ነው፤ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በጁላይ ያንን ሙሉ በአንድ ቀን እወጣዋለሁ ማለት አጉል ጀግንነት ነው፤ በመካከሉ ውኃ የለም።

ውኃው

ውኃ አለመኖሩ በድንጋዩ ምክንያት ነው። የኖራ ድንጋይ የተቦረቦረ ስለሆነ ዝናቡን ውጦ ከመሬት በታች ይወስደዋል፤ ምንጭ አይፈልቅም፣ ጅረት የለም። ከሉሚኒ ወዲያ ቧንቧ የለም፣ ሱዢቶን ላይም ሱቅ የለም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መውረጃው አንድ ሰዓት፣ ግማሽ ሊትር። ባሕር ዳር ሦስት ሰዓት መቀመጥ፣ አንድ ሊትር። መመለሻው አንድ ሰዓት ከሩብ፣ በዳገትና በፀሐይ፣ አንድ ሊትር። ግማሽ ሊትር ለመጠባበቂያ። ለአንድ አዋቂ ሦስት ሊትር ሆነ፤ ሦስት ኪሎ ማለት ነው፣ በጀርባ ይሸከሙታል። ብዙ ሰው የሚይዘው አንድ ባለ አንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ነው። ሲወርድ ሲሶውን ይጠጣል፣ የቀረውን ዳርቻው ላይ ይጨርሳል፣ ከዚያ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ዳገቱን ይጀምራል። በባሕር ውስጥ ያለ ሰው የሚያልበውን አያየውም፤ ነፋሱም ቆዳውን ስለሚያደርቀው ውኃ ያጣ አይመስለውም፣ ምላሱ ላይ ጨው ብቻ ይቀምሳል።

ከጠርሙሶቹ አንዱን ሦስት አራተኛ ሞልቶ ሌሊቱን በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ ማሳደር ጥሩ ነው፤ እስከ አፉ ከሞሉት በረዶው ያፈነዳዋል። ይህን ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ከቦርሳው ሥር ማስቀመጥና ለዳገቱ ብቻ መተው ይገባል። ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ባዶ ውኃ ብቻ መጋት አይበቃም፤ ጨው ያለበት ምግብ ጨምሮ መብላት ነው። ጨው ነካ ያለው ቆሎ እዚህ ላይ ከማንኛውም የሱቅ ብስኩት ይሻላል። ቢራ ግን ዳርቻ ላይ ሲጠጣ ደስ ይላል፣ ዳገቱ ላይ ያስከፍላል።

ስለ ባሕሩ ራሱ አንድ ነገር ብቻ። ሚስትራል አንድ ሁለት ቀን ከነፈሰ ሞቃቱን የላይ ውኃ ከዳር ገፍቶ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል፤ ከሥር ቀዝቃዛው ይነሣል። በቀደም 24 ዲግሪ የነበረው ባሕር ዛሬ 17 ሊሆን ይችላል። አየሩ 30 ሆኖ፣ ሰው በላብ ተጠምቆ መጥቶ ከአለት ላይ ሲዘል ቀዝቃዛው ውኃ ትንፋሹን ያሳጣዋል፤ ሳያስበው አየር ሊስብ ሲል ውኃ ይስባል። ቀስ ብሎ፣ አንገትና ክንድን አርሶ መግባት ነው። ከአለት ላይ መዝለል ደግሞ ከሥር ምን ድንጋይ እንዳለ ስለማይታይ ፈጽሞ የተወ ይሻላል።

መመለሻው

አለታማ የሜዲትራኒያን ወሽመጦችን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ይህ ነው፦ ተራራ ላይ ሲሄዱ መጀመሪያ ዳገት፣ ኋላ ቁልቁለት ነው፤ እዚህ ግን ቁልቁለቱ ጠዋት፣ በቀዝቃዛው፣ በሙሉ ጉልበት ይመጣል፣ ዳገቱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ በሙቀቱ ጫፍ፣ በደከመ እግር ይመጣል። ሰው አቅሙን የሚለካው በመውረጃው ነው። ልጅ ይዞ የወረደ ቤተሰብ ጠዋት ልጁ ሲሮጥ አይቶ ከሰዓት በኋላ ተሸክሞት ይወጣል።

ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ዳገቱን መጀመር መጥፎ ነው። ነጩ ድንጋይ ፀሐይን ከላይ የተቀበለውን ከታች ይመልሰዋል፤ ገደሉ ነፋሱን ይከልላል፤ ቴርሞሜትር በጥላ 31 ሲል መንገዱ ላይ ያለው ስሜት ከዚያ በጣም ይበልጣል። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ከሉሚኒ ተነሥቶ ከቀኑ 5 ሰዓት በፊት ዳገቱን መጨረስ ነው። ሁለተኛው ከሰዓት ዘግይቶ ወርዶ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መውጣት ነው፤ በጁላይ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሆነ ብርሃን ይበቃል። እኛ ማለዳውን እናስመርጣለን፤ ማታ ሲሆን ሰው ይዘናጋል፣ የአውቶቡሱም ነገር ያሳስባል።

ዳገቱ ላይ የሚደርሰው ነገር በቅደም ተከተል ይታወቃል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ የእግር ጡንቻ መኮማተር፣ ብዙ ላብ። ይህ ድካመ ሙቀት ነው፤ ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ ጠጥቶ፣ አንገትን አርሶ ግማሽ ሰዓት ቢያርፉ ይለቃል። ሰው ግን በር ላይ ልደርስ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረኝ ይላል፤ ይቀጥላል። ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር መደበላለቅ፣ መንገዳገድ፣ ጠብ መፈለግ፣ የሚያቃጥል ቆዳ ነው። ይህ ሌላ ነው፤ የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል ማለት ሲሆን ሊገድል ይችላል። ወዲያው 112 ይደወላል፣ ሰውየው ጥላ ሥር ይተኛል፣ ልብሱ ይላላል፣ ያለው ውኃ ሁሉ በላዩ ይፈስና በካርቶንም በሸሚዝም ይራገባል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውኃ አይጨመርም። ለመደወል ኔትወርክ ከጠፋ አንድ ሰው ወደ በሩ ወጥቶ ይደውላል፤ ከበሩ አካባቢ ብዙ ጊዜ ይይዛል። ቦታውን ሲናገሩ ሱዢቶን ብቻ ማለት አይበቃም፤ ከበሩ በላይ ነው በታች፣ ስልኩ ካርታ ላይ የሚያሳየው የቦታ መለያ ቁጥር ስንት ነው፣ ይህ ይነገራል።

የተለወጠውና ያልተለወጠው

ግርግሩ ሄዷል። አፈሩ ግን ተመልሷል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ያደረገው መሸርሸሩን ማዘግየትና ለችግኝ ዕድል መስጠት ነው፤ ውጤቱ በበጋ ሳይሆን በአሥርተ ዓመታት ይለካል። ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ዳገቱን ኮዱ አይነካውም። 400 ሰው ሲሆን ዳገቱ ላይ የሚያልፍ ሰው ያንሳል፤ ስለዚህ የደከመ ሰው ብቻውን የመቆየት ዕድሉ እንዲያውም ከቀድሞው ይበልጣል። ቢያንስ ሁለት ሆኖ መውረድ ይገባል።

ቦታ ያጣው ሰው ወደ ሞርዥዩ ወይም ከካሲ በኩል ወደ ፖር ፓንና አን ቮ ያዘነብላል። አን ቮ ከሱዢቶን ይልቅ ይርቃል፣ አወራረዱም ይከብዳል፤ ሱዢቶንን አጣሁ ብሎ በተመሳሳይ ጫማና በተመሳሳይ አንድ ጠርሙስ ወደዚያ መሄድ ስሕተት ነው።

ሌላ መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ኮድ የሚጠየቀው ወደ ውኃው ለሚወርድ ነው፤ ተራራው ክፍት እስከሆነ ድረስ ከበሩ አጠገብ ያለው የሱዢቶን እይታ ቦታ ያለ ኮድ ይደረሳል። ከሉሚኒ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ዳገቱም የሚመጣው ሲሄዱ፣ ጠዋት ነው፤ መመለሻው ቁልቁለት ነው፣ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ይበቃል። ከዚያ ሆነው ውኃው ላይ እንደ ጦር መርከብ የቆመችውን፣ ቶርፒዬር የሚሏትን አለት ያያሉ። ከማዶ የሞርዥዩ ራስ የሚባለው፣ ወደ ባሕር የገባው የየብስ ጫፍ ይዘረጋል፤ ኮስኬ የሚባለው፣ ከበረዶው ዘመን የቀሩ የእጅ አሻራዎችና የእንስሳት ሥዕሎች ያሉበት ዋሻ በዚያው ሥር ነው፤ የዛሬ መግቢያው ከባሕር ወለል 37 ሜትር በታች ነው። የከተማው ሰው የዋሻውን ቅጂ ከወደቡ አጠገብ ማየት የጀመረው ሱዢቶን ቁጥር በተሰጠው በዚያው በ2022 በጋ ነበር።